የባሕር ዳር–ዘጌ የጀልባ ጉዞና የጢስ ዓባይ ጉብኝት፦ የጣና ከፍታ የሚወስነው አገልግሎት

ይህ ግምገማ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ስለሚደረገው የሞተር ጀልባ ጉዞና ከእርሱ ጋር በአንድ ጥቅል ስለሚሸጠው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጉብኝት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የማነሣው ጥቅሉን ያዘጋጀው አስጎብኚ በአንድ ሒሳብ ስላቀረባቸው ብቻ አይደለም። የሁለቱም ጥራት የጣና ውሃ ምን ያህል እንዲያዝና ምን ያህል እንዲለቀቅ በሚደረገው ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሐይቁ ከፍ ብሎ እንዲቆም ሲደረግ ጀልባው ይመቸዋል፣ ወደ ፏፏቴው የሚወርደው ውሃ ግን ይቀንሳል፤ ውሃው ሲለቀቅ ደግሞ የሐይቁ ዳርቻ ከወደቡ ይርቃል። በምሥራቅና በሰሜን ዳርቻ የሚያርሰው ገበሬ ከሁለቱም የተለየ ጥያቄ አለው። ለአንድ ቀን ጉብኝት የሚከፍል ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ አካባቢውን ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር በኖረ ጉዳይ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ አገልግሎቱን የሚሸጡት ሰዎች ይህን አለመንገራቸው ትልቁ ጉድለታቸው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሄድነው በየካቲት፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል በሚከበርበት ሰሞን ስለነበር ጀልባው ውስጥ ጎብኚና ተሳላሚ ተቀላቅሎ ነበር። ጀልባዋ ንጹሕ ናት፤ ጣራዋ ከፀሐይ ይከላከላል፤ ካፒቴኑ ሐይቁን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ በእርጋታ የሚነዳ ሰው ነው። ጠዋት በሰዓቱ ተነሥተናል፣ ይህም የሚያስመሰግን ነው፤ ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋሱ እየበረታ ማዕበል ስለሚያስነሣ በጠዋት መነሣት የምቾት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነው። ደካማው ነገር የአደጋ መከላከያ ጃኬቱ ነበር። ጃኬቶቹ ከመቀመጫው ሥር ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ እስክንጠይቅ ድረስ ማንም አላደለንም፣ ከተሰጡንም መካከል ማሰሪያቸው የተበጠሰ ነበሩ። ይህ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ነው፤ በውሃ ላይ ሰው የሚያጓጉዝ ማንኛውም ድርጅት ሳይጠየቅ ሊያደርገው ይገባል።

ችግሩ የታየው ዘጌ ስንደርስ ነው። ጀልባዋ እስከ ድንጋዩ ማረፊያ መጠጋት አልቻለችም። ካፒቴኑ ከጠረፉ ገና ራቅ እንዳልን ሞተሩን አጠፋና ፕሮፔለሩን ከውሃው አወጣ፤ ረዳቱ በረጅም አጣና የሐይቁን ወለል እየገፋ አስጠጋን፤ በመጨረሻም ከጀልባዋ አፍ እስከ ጭቃው ጫፍ አንድ ጠባብ ሳንቃ ተዘረጋ። ወጣቶቹ ዘለው ወረዱ። አንዲት በዕድሜ የገፉ መነኩሲት ግን መቋሚያቸውን ይዘው ሳንቃው ጫፍ ላይ ቆሙ፤ ካፒቴኑ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባና «እማሆይ፣ እጅዎን ይስጡኝ፤ እንጨቱ ያዳልጣል» ብሎ ደግፎ አወረዳቸው። የካፒቴኑ ትሕትና በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን ትኬቱ በሚቆረጥበት ቦታ «በአሁኑ ወቅት ውሃው ስለሸሸ አወራረዱ አስቸጋሪ ነው» የሚል አንድ ቃል ቢነገር ኖሮ፣ ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያንን ይዞ የመጣ ቤተሰብ አስቀድሞ ይዘጋጅ ነበር።

ከማረፊያው ድንጋይ ላይ የውሃው አሻራ በግልጽ ይነበባል። ከታች እርጥብና ጥቁር፣ ከዚያ በላይ የደረቀ አረንጓዴ ዝቃጭ፣ ከዚያም በላይ ነጣ ያለ መስመር አለ። ካፒቴኑ በእጁ ወደ ላይኛው መስመር እያመለከተ «ጋሼ፣ በጥቅምት እዚህ ድረስ ነበር፤ ያኔ ጀልባዋ ድንጋዩን ታክካ ትቆም ነበር» አለኝ። ጣና በክረምቱ ዝናብ ሞልቶ በመስከረምና በጥቅምት ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርስና ከዚያ ጀምሮ እስከ ግንቦትና ሰኔ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህ ከጥንትም የነበረ ነው። ነገር ግን ዛሬ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው ዝናቡና ትነቱ ብቻ አይደለም።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ ባሕር ዳር አጠገብ፣ የጨረጨራ ግድብ አለ። ቀድሞ ውሃው በተፈጥሮው የድንጋይ ደፍ ላይ እየፈሰሰ ይወጣ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በተጠናቀቀው ግድብ መጀመሪያ ሁለት፣ በ2001 ደግሞ ተጨማሪ አምስት በሮች ተሠርተውለታል። ዓላማው ክረምት የሚሞላውን ውሃ ይዞ በበጋ ለኃይል ማመንጫ መልቀቅ ነበር። ሐይቁ እንዲወጣና እንዲወርድ የታሰበው ከባሕር ጠለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል ነው። ሦስት ሜትር ለሰሚው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በዚህ ሦስት ሜትር ውስጥ የሚያዘው ውሃ ወደ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። በሐይቁ ላይ ለሚመላለሱት መርከቦች ደግሞ የሚፈለገው ዝቅተኛ ከፍታ 1784.75 ሜትር ገደማ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ክርክሩ ከየት እንደሚነሣ ወዲያውኑ ይገባዋል፤ ለኃይል ማመንጨት ሲባል እንዲወርድ የተፈቀደው ደረጃ መርከብ መንቀሳቀስ ከሚችልበት ደረጃ በታች ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቅና ለጢስ ዓባይ ማመንጫዎች የተለቀቀው ውሃ ተደራርበው ሐይቁ ከዚያ በፊት በመዝገብ ታይቶ በማያውቅ ሁኔታ ዝቅ ብሎ ነበር፤ መርከቦቹም ለወራት ቆመዋል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል እስከ ጎርጎራ በሚዘልቀው የውሃ መንገድ እህሉን፣ ዶሮውንና ታማሚውን የሚያጓጉዘው ሕዝብ ይህን ዘመን አይረሳውም። ለጎብኚ የአንድ ቀን መስተጓጎል የሆነው ነገር ለደሴት ነዋሪ የገበያና የሐኪም ቤት መንገድ መዘጋት ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሲመረቅ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ይህ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ሲሆን፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይጨምረዋል። በለስ ዞሮ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ከጢስ ዓባይ በጣም ርቆ፣ ወደ ታች ስለሆነ፣ በዚያ መንገድ የሄደ ውሃ ፏፏቴውን ፈጽሞ አያየውም። ስለዚህ ዛሬ የሐይቁ ውሃ ሁለት መውጫ አለው። «የጨረጨራ በሮች ተዘግተዋል» ማለት ብቻውን ሐይቁ ይሞላል ማለት አይደለም።

ስንመለስ በጀልባዋ ላይ የተነሣው ጭውውት ከአስጎብኚው ማብራሪያ ሁሉ የበለጠ አስተማረኝ። ካፒቴኑ «ውሃው ግማሽ ሜትር ቢጨመርልን ዓመቱን ሙሉ ያለ ስጋት እንሠራ ነበር፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ግን ወደ ጠረፍ መጠጋት ያስፈራል፣ ድንጋዩ ፕሮፔለሩን ይበላዋል» ሲል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ የተቀመጡ፣ ከፎገራ ለበዓሉ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ አላስጨረሱትም። «ልጄ፣ አንተ ግማሽ ሜትር የምትለው እኛ ዘንድ ስንት ጥማድ እንደሚውጥ ታውቃለህ? ባሕሩ በጊዜው ካልሸሸልን ጓያውንም ሽንብራውንም የት እንዘራዋለን?» አሉት። ካፒቴኑም በአክብሮት «እውነትዎን ነው አባባ፤ ግን የኛም ልጆች የሚበሉት ከዚሁ ውሃ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

የአዛውንቱን ቃል ለመረዳት በሐይቁ ምሥራቅና ሰሜን ዳርቻ ያለውን የፎገራንና የደንቢያን መሬት ማየት ያስፈልጋል። ሜዳው እጅግ ከመለጠጡ የተነሣ ሐይቁ በጥቂቱ ከፍ ሲል ውሃው ወደ ውስጥ ብዙ ርቀት ይገባል፤ በጥቂቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ሰፊ እርጥብ መሬት ትቶ ይሸሻል። ያ መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል። ገበሬው በክረምት ያበቀለውን ሩዝ ካነሣ በኋላ በዚህ እርጥበት ላይ ሁለተኛ ሰብል ይዘራበታል፤ መሬት ለሌለው ወጣትም ባሕር ሸሽ ትልቅ ተስፋ ነው። ውሃው በነሐሴና በመስከረም ከፍ ብሎ እንዲቆም በሮቹ ከተያዙ ግን የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲመጡ መውጫ ያጣሉ፣ ጎርፉም መንደር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት በፎገራና በደንቢያ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። የሐይቁ ከፍታ ይጨመር የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የዚህ አካባቢ ሰው ፊቱን የሚያጨፈግገው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ባሕር ሸሽ ያለ ዋጋ የሚገኝ ሀብት አይደለም። በየዓመቱ ከውሃ ሥር እየወጣ የሚገባ መሬት ቋሚ ወሰን ስለሌለው በጎረቤት መካከል ጠብ ያስነሣል። እርሻው ወደ ውስጥ በገፋ ቁጥር ደንገሉ ይመነጠራል፤ ደንገል ሲጠፋ ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ማኅበረሰብ ሙያቸውን ያጣሉ፣ በጥልቀት የለሽ ዳርቻ የሚራቡት ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦችም መጠለያቸው ይመነምናል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተንሰራፋው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረምም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ዘሩ በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ውሃው ሸሽቶ ፀሐይ ባገኘና መልሶ በረጠበ ጊዜ አዲስ ቡቃያ ይወጣል። እኛ በሄድንበት በደቡቡ በኩል መንገዳችንን የሚዘጋ አረም አላጋጠመንም።

ስለ ዘጌ እራሱ ቅሬታ የለኝም። ከማረፊያው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በጥንታዊ ደን ውስጥ፣ ቡና በቡና ላይ ተደራርቦ በበቀለበት ጥላ ሥር ነው። የአካባቢው ሰው በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት መሬቱን በበሬ እንደማያርስና ዛፍ እንደማይቆርጥ ይናገራል፤ ደኑ እስከ ዛሬ መቆየቱ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ዙሪያ ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን መቅደሱን የከበቡት ሥዕሎች በቀለማቸውም በትረካቸውም ሰውን አስረው ያቆማሉ። ያስረዱን የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ሳይቸኩሉ፣ የተጠየቁትን ሁሉ እየመለሱ አስጎብኝተውናል። የገዳሙ መግቢያ ክፍያ ከጀልባው ዋጋ የተለየ መሆኑን ግን አስጎብኚው አስቀድሞ ሊናገር ይገባው ነበር።

የጢስ ዓባይ ጉብኝት ግን የተሸጠልኝን ያህል አልነበረም። በማስታወቂያው ላይ የነበረው ፎቶ ፏፏቴው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ፣ ጭሱ ሰማይ ሲነካ የተነሣ ነው። በክረምት ሲሞላ ስፋቱ ወደ 400 ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 45 ሜትር እንደሚደርስ እናውቃለን፤ በየካቲት ያየነው ግን ሰፊ ጥቁር የድንጋይ ግንብና በአንድ ጥግ በኩል የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የአላታ ድልድይ በኩል የሚደረገው የእግር ጉዞ ጥሩ ነው፤ መንገዱን የመሩን ልጆችም ጨዋዎች ናቸው። ነገር ግን ሰው ወደዚያ የሚሄደው ውሃውን ለማየት ነው።

ውሃው የት እንደሄደ ማንም አላስረዳንም። እውነቱ ይህ ነው፦ ከፏፏቴው አጠገብ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛውና 73 ሜጋ ዋት ገደማ አቅም ያለው በ2001 ሥራ ጀመሩ። ሁለቱም ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፈው፣ ተርባይኑን አሽከርክረው፣ ከፏፏቴው በታች ይመልሱታል። ስለዚህ በጨረጨራ የተለቀቀ ውሃ ሁሉ እንኳ በፏፏቴው ላይ ላያልፍ ይችላል። በለስ ከተከፈተ ወዲህ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ዋና ሸክም ቀንሷል፤ ነገር ግን ሸክሙ ሲቀንስ ውሃውም አብሮ ወደ በለስ ዞረ። በአቅራቢያው ሻይና ለስላሳ፣ ጋቢና ቅል የሚሸጡት እናቶች ኑሮ በቀጥታ ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። በቅርብ ዓመታት በክልሉ በነበረው ግጭት ምክንያት ጎብኚው ተመናምኖ ሳለ፣ እንደ ምንም የመጣው ሰው ደግሞ ተታልያለሁ ብሎ መመለሱ በእነርሱ ላይ ተጨማሪ ጉዳት ነው።

የጣናን ከፍታ ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ ከጨረጨራ በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ወንዝ ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ነበረበት። በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ጣና ግድብ ደብዳቤ ሲለዋወጡ ራስ ተፈሪ ጉዳዩን በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቅርበው ተቃውመዋል፤ በቀጣዩ ዓመትም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ከአንድ የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋር ተነጋግረዋል። ጥናቱ ቢካሄድም ግድቡ ሳይሠራ የጣሊያን ወረራ መጣ። ያኔ የተሟገትነው የሐይቁን ከፍታ ባዕድ እንዳይወስንልን ነበር። ዛሬ ውሳኔው በእጃችን ነው፤ ስለዚህም ከጀልባ ካፒቴኑ፣ ከፎገራ ገበሬና ከደቅ ነዋሪ ተሰውሮ የሚወሰንበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

እኔ ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ይያዝ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። የጀልባው ምቾት የፎገራን ቤቶች በውሃ ሊያስከብብ አይገባም፤ ከፍ ብሎ የተንጣለለ ውሃም በፀሐይ ብዙ ይተናል። ነገር ግን በበጋ ማብቂያ ከ1785 ሜትር በታች እንዳይወርድ ጠንካራ ገደብ ቢደረግ፣ በክረምት ማብቂያ ደግሞ ወንዞቹ ሲሞሉ በሮቹ በጊዜ ተከፍተው ጎርፉ ቢተነፍስ፣ ገበሬውም ካፒቴኑም ሊኖሩበት የሚችሉበት መካከለኛ ቦታ እንዳለ አምናለሁ። ይህ ለኃይል ማመንጫው የተወሰነ ውሃ እንደሚያሳጣ እረዳለሁ፤ መብራቱ የሚሄድላቸው ከተሞች የዚህን ጥቂት ድርሻ ቢሸከሙ ፍትሐዊ ነው። ፏፏቴውን በተመለከተ፣ ቢያንስ በታወቁ ቀናት፣ ለምሳሌ በቅዳሜና እሑድ፣ የሚታይ መጠን ያለው ውሃ ቢለቀቅና ቀኑ አስቀድሞ ቢነገር ለጢስ ዓባይ ነዋሪዎች ትልቅ እፎይታ ይሆናል።

ከጀልባ ማኅበራቱና ከአስጎብኚዎቹ የምጠብቀው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ትኬት በሚቆረጥበት ግድግዳ ላይ የዕለቱን የሐይቅ ከፍታ በአንድ ሰሌዳ መጻፍ፣ ጀልባው በዘጌ በየትኛው ማረፊያ እንደሚቆምና አወራረዱ ምን እንደሚመስል መናገር፣ የፏፏቴውን ፎቶ ከተነሣበት ወር ጋር ማሳየት፤ ይህ ሁሉ ወጪ አይጠይቅም። ጃኬቱንም ሳይጠየቁ ማልበስ።

እንደ አሁኑ ይዞታው ለዘጌ ጉዞ ከአምስት አራት፣ በበጋ ለሚደረግ የጢስ ዓባይ ጉብኝት ከአምስት ሁለት እሰጣለሁ። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ማየት የሚፈልግ ሰው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ቢሄድ ይመረጣል፤ ያኔ ሐይቁ ሙሉ ነው፣ ፏፏቴውም ገና አልከሳም። በነሐሴ ፏፏቴው ግርማ ሞገሱን ይዞ ይገኛል፤ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው መንገድ ግን ጭቃ ስለሚሆን ጠንካራ መኪና ያስፈልጋል። በግንቦትና በሰኔ መሄድ ግድ የሆነበት ሰው ጢስ ዓባይን ከጥቅሉ አስወጥቶ የዘጌውን ብቻ ይክፈል፤ አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ይዞ ከሆነም ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት ካፒቴኑን በቀጥታ አግኝቶ ጀልባው ድንጋዩ ጋ ይደርስ እንደሆነ ይጠይቀው።